ቸርችል ጎዳና ያልተባለበት አዲስ አበባ

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ የምንገኝ ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለታችን የኮምፒውተር ሳይንስ፣ አንዳችን የሥነ ሕንፃ ተማሪ። ናዚ ጀርመን አሜሪካን ስትወር የሚያሳየውን ‹ተርኒንግ ፖይንት፦ ፎል ኦፍ ሊበርቲ› የተባለ የቆየ የተኩስ ጨዋታ አግኝተን በጉጉት ጀመርነው፤ ብዙም ሳንገፋ ሰልችቶን ተውነው። ሐሳቡ እንዲህ ግሩም ሆኖ ጨዋታው ለምን ከሸፈ? የምንጠይቀው እኛም ‹ዓድዋ ላይ ተሸንፈን ቢሆን ኖሮ› በሚል መነሻ የተኩስ ጨዋታ ለመሥራት ስላሰብን ነው።»

ምላሽ፦

መሰልቸታችሁ አይገርምም። ተርኒንግ ፖይንት እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ላይ ለፕሌይስቴሽን 3፣ ለኤክስቦክስ 360 እና ለኮምፒውተር ሲወጣ ገምጋሚዎች ከሞላ ጎደል በአንድ ድምፅ ወርፈውታል። የሠራው ስፓርክ አንሊሚትድ የተባለ የሎስ አንጀለስ ድርጅት ሲሆን ለገበያ ያቀረበው የብሪታንያው ኮድማስተርስ ነው። ሠሪዎቹ ጀማሪዎች አልነበሩም፤ በ2004 ከኮል ኦፍ ዲዩቲ ተከታታይ ጨዋታዎች ‹ፋይነስት አወር› የተባለውን ያወጡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ «አቅም አንሷቸው ነው» የሚለው መልስ አያጠግበኝም። አቅማቸውን ምን ላይ እንዳዋሉት ብናይ ይሻላል።

መነሻው ይህ ነው። ኋላ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዊንስተን ቸርችል በዲሴምበር 13 ቀን 1931 ኒውዮርክ ውስጥ ፊፍዝ አቨኑን ሲሻገር መኪና ገጨው። ይህ በእውን የሆነ ነገር ነው፤ በአገሩ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ የሚመጣውን መኪና የጠበቀው ከተሳሳተው አቅጣጫ ነበር። በእውነተኛው ታሪክ ሆስፒታል ተኝቶ ተነሣ። በጨዋታው ግን ይሞታል። ከዚያ ብሪታንያ ትወድቃለች፣ አውሮፓ በጀርመን እጅ ይገባል፣ አሜሪካ ዳር ቆማ ትመለከታለች፤ በ1953 የናዚ ጦር ኒውዮርክ ይደርሳል። ተጫዋቹ ዳን ካርሰን የተባለ የግንባታ ሠራተኛ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አስታውሱ። ካርሰን ገና በመሠራት ላይ ባለ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ላይ፣ በባዶ የብረት ወጋግራ ላይ ቆሟል። መሣሪያ የለውም። ሰማዩ በዜፔሊን (በጋዝ በሚንሳፈፍ ግዙፍ የአየር መርከብ) እና በጦር አውሮፕላን ይሞላል፤ ከእግሩ ሥር ያለው ብረት ይንቀጠቀጣል። ተጫዋቹ ማድረግ የሚችለው ሚዛኑን ጠብቆ በጠባቡ ብረት ላይ መራመድና ወደ ታች የሚያወርድ መንገድ መፈለግ ነው። በእኔ ግምት ጨዋታው ውስጥ ከልብ የተሠራው ክፍል ይኸው ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የተጫዋቹ እጅ የሚሠራው የግንባታ ሠራተኛ እጅ የሚሠራውን ነው። ፍርሃቱም ከሥራው የሚመጣ ፍርሃት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጠመንጃ እጁ ይገባል፤ ካርሰንም ማን እንደነበረ ይረሳል። ትናንት ብረት ሲያያይዝ የዋለ ሰው ማንም ሳያስተምረው የጀርመንን መሣሪያ ሁሉ ያጎርሳል፣ ያነጣጥራል፣ ይተኩሳል። ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተን ወደ ለንደን እየተሻገረ የአንድ ሻምበል ጦር ሥራ ብቻውን ይሠራል። ስለ ሕንፃ የሚያውቀውን ነገር ጨዋታው ሲጠቀምበት አታዩም። ዘመኑም አብሮ ይረሳል። ዋሽንግተን ላይ ወራሪዎቹ የራሳቸውን ተላላኪ ፕሬዚዳንት አድርገው ያስቀምጣሉ። ይህ ብቻውን ሙሉ ጨዋታ ይወጣው ነበር፦ ማን ተባበራቸው? ማን እያወቀ ዝም አለ? የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ነገ ጠዋት ሥራ ትገባለች ወይስ ትቀራለች? ዋይት ሐውስ ስትገቡ ግን የምትሠሩት ኮሪደር ለኮሪደር እየሮጡ መተኮስ ነው።

«ቢሆን ኖሮ» ብሎ የሚነሣ ጨዋታ ሲመጣልኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ታሪኩ በመለወጡ የተጫዋቹ እጅ ምን የተለየ ነገር ይሠራል? ተርኒንግ ፖይንት ለዚህ መልስ የለውም። ያንኑ ጨዋታ ወደ 1944ቱ ኖርማንዲ ብታዛውሩት ከግድግዳው ሥዕል በቀር የምትቀይሩት ነገር አይኖርም። የዓለም ታሪክ ተገልብጦ የተጫዋቹ ጣት አልሰማም። ሠርግ ብሎ ጠርቶ ሽሮ ማቅረብ ማለት ይህ ነው፤ ሽሮው መጥፎ ባይሆን እንኳ እንግዳው ይቀየማል። እዚህ ደግሞ ሽሮውም አልበሰለም።

ስለ አለመብሰሉ ትንሽ ላብራራ፤ ፕሮግራም ለምትጽፉት ለሁለታችሁ ይጠቅማል። ተጫዋቹ ምላጩን ሲስብ አእምሮው በአንድ ቅጽበት ውስጥ ብዙ መልስ ይጠብቃል፦ ድምፁን፣ የጠመንጃውን ማፈግፈግ፣ የአፈሙዙን ብልጭታ፣ የተመታውን ሰው መደንገጥ። በሴኮንድ 60 ፍሬም (በስክሪኑ ላይ ተከታትሎ የሚታይ ሥዕል) የሚያሳይ ጨዋታ አንዱን ፍሬም ለ16.7 ሚሊሴኮንድ ያቆየዋል፤ በ30 ፍሬም ደግሞ ወደ 33.3 ሚሊሴኮንድ ይደርሳል። በኖቬምበር 2007 የወጣው ኮል ኦፍ ዲዩቲ 4 በፕሌይስቴሽንና በኤክስቦክስ ላይ በ60 የሚሄድ ነበር። ተርኒንግ ፖይንት ጥቂት ወራት ዘግይቶ ሲመጣ የፍሬም መጠኑ እየዋዠቀ፣ ማነጣጠሪያው እየጎተተ፣ ጠላቱ ጥይት በልቶ የተመታ መሆኑን እንኳ ሳያሳይ ነው። ከዝግታ ይልቅ መዋዠቅ እንደሚከፋ ልብ በሉ። እጅ ቋሚ መዘግየትን ይለምዳል፣ ያካክሰዋልም፤ አንዴ ቶሎ አንዴ ዘግይቶ ለሚመልስ መሣሪያ ግን መላ የለውም። ተጫዋቹ ምክንያቱን በቃል ላይገልጸው ይችላል፤ «አንድ ነገር ይጎድለዋል» ብሎ ጆይስቲኩን ያስቀምጣል።

ይበልጥ የሚያናድደው የራሱ የሆነ አንድ ጥሩ ነገር የነበረው መሆኑ ነው። ጠላትን ቀርቦ አንቆ መያዝ፣ እንደ ጋሻ ማስቀደም፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በአካባቢው ባገኙት ነገር መግደል ይቻላል። ባዶ እጁን ከሥራው ላይ ለተነሣ ሰው ከዚህ የተሻለ የሚስማማ አልነበረም። ጥይት ብርቅ ቢሆን፣ ጠመንጃ ድምፁ ጦር የሚጠራ ቢሆን፣ ተጫዋቹ ወዶም ሳይወድም በጨለማ ይጠጋ ነበር። ግን ጠመንጃው ሁልጊዜ ቅርብ፣ ሁልጊዜም ቀላል ነው። ቀላል መንገድ ከሰጣችሁት ተጫዋች በቀላሉ ይሄዳል፤ ይህ የእሱ ስንፍና ሳይሆን የሠሪው ውሳኔ ነው። ጨዋታው በጥቂት ሰዓት ያልቃል፤ ተጫዋቹም ያንን የማነቅ ዘዴ ከመግቢያው በኋላ ብዙም ሳይነካው ሊጨርሰው ይችላል።

እጅ ታሪክ ሲናገር ማየት ከፈለጋችሁ በ2004 የወጣውን ሃፍ ላይፍ 2ን ተጫወቱ። መነሻው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ቢሆንም የተያዘችን ከተማ በማሳየት ረገድ እስከ ዛሬ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ከባቡር ወርዳችሁ ጣቢያው ውስጥ ስታልፉ ጭንብል ያጠለቀ ፖሊስ የመጠጥ ቆርቆሮ በዱላው ገፍቶ ይጥልና አንሥታችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንድትከቱት ያዛችኋል። ትከታላችሁ፤ ይሥቅባችሁና ያሳልፋችኋል። ወይም ፊቱ ላይ ትወረውራላችሁ፤ በዱላው ያሳድዳችኋል። ሠሪዎቹ በዚያች ቅጽበት ዕቃ ማንሣትና መጣል አስተማሩን፤ እግረ መንገዳቸውንም ወረራ ምን እንደሚመስል ያለ አንድ የመግቢያ ንግግር ነገሩን። ውርደቱን ያነሣችሁት በገዛ እጃችሁ ነው።

ሌላው በ2003 በዴንማርኩ አይ ኦ ኢንተራክቲቭ የተሠራው ፍሪደም ፋይተርስ ነው። ካሜራው ከተጫዋቹ ጀርባ ስለሆነ ዓይነቱ ትንሽ ይለያል፤ መነሻው ግን ከእናንተ ጋር ዘመድ ነው፦ ሶቪየት ኅብረት በርሊን ላይ አቶሚክ ቦምብ ጥላ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ጨርሳለች፣ ኋላም ኒውዮርክን ትይዛለች። ባለታሪኩ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። አንዱ ሰፈር ውስጥ የሄሊኮፕተር ማረፊያ ካፈነዳችሁ በሌላው ሰፈር የሚያሳድዳችሁ ሄሊኮፕተር ይቀራል። ቁስለኛ ስትረዱ፣ ቦታ ስታስለቅቁ ደግሞ የሰው አመኔታ ያድግና የሚከተሏችሁ ተዋጊዎች ይበዛሉ። የአመፅ አሠራር ወደ ጨዋታ ሕግ ተለውጧል፦ ብቻውን የጀመረ ሰው ሰው እያፈራ ይሄዳል፤ እዚህ የተቆረጠ ሽቦ እዚያ መብራት ያጠፋል። ሁለቱም ጨዋታዎች ሠራተኛን ከኒውዮርክ መንገድ አንሥተዋል፤ አንዱ ብቻ ሠራተኛ መሆኑን አስታውሷል።

የተርኒንግ ፖይንት ሌላው ድካም የታሪክ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያስቆጨኝም እሱ ነው። በ1931 አንድ ሰው ይሞታል፣ በ1953 ዜፔሊን ማንሃተን ላይ ያንዣብባል፤ በመካከል ያለው ሃያ ሁለት ዓመት ተዘሏል። የመኪና አደጋው ራሱ ብልህ ምርጫ ነው፤ ጥሩ መነሻ ትንሽ፣ በአጋጣሚ የሆነና ማንም ሊያምነው የሚችል ነው። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ከቀደመው መወለድ ይኖርበታል። ቸርችል የሌለበትን ዓለም ተከትላችሁ በጥንቃቄ ብትሄዱ የምትደርሱት ሜይ 1940 ላይ ነው። ፈረንሳይ በመውደቅ ላይ ሳለች፣ ከ26 እስከ 28 በነበሩት ቀናት፣ የብሪታንያ የጦር ካቢኔ ተሰብስቦ ይከራከር ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ በጣሊያን አማካይነት የሰላም መንገድ ይኖር እንደሆነ እንሞክር አለ፤ ቸርችል እምቢ ብሎ ካቢኔውን ወደ ራሱ መለሰ። ያ ሰው በወንበሩ ላይ ባይኖር ድርድሩ ሊጀመር ይችል ነበር። አሸማጋዩ ሙሶሊኒ ነው። አሸማጋይ ደግሞ በነጻ አይሠራም፤ በእጁ ያለው እንዲጸናለት ይጠይቃል።

በዚያ ወር በእጁ ከነበሩት አንዷ አዲስ አበባ ናት።

ክሩን ወደዚህ ሳቡት። ለንደን ከሮም ጋር ከታረቀች በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት የተቀመጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያ ዓመት ወደ ካርቱም አይመጡም። በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌድዮን ጦር አይቋቋምም። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ አይሰቀልም፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ መናገሻቸው አይመለሱም። አርበኛው በዱር በገደሉ መዋጋቱን አይተውም፤ ግን ድንበር ላይ የሚጠብቀው ረዳት የለም። ኒውዮርክ ላይ ወራሪ ለማድረስ የጨዋታው ሠሪዎች አትላንቲክን የሚሻገር ጦር፣ መርከብና ነዳጅ ከአየር ላይ መፍጠር ነበረባቸው። ጣሊያንን አዲስ አበባ ውስጥ እስከ 1945 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1953) ለማቆየት ግን የሚያስፈልጋችሁ አንድ የተፈረመ ወረቀት ነው። ፊፍዝ አቨኑ ላይ የሆነው አደጋ ከማንሃተን ይልቅ ለፒያሳ ይቀርባል። ተርኒንግ ፖይንት የጣለውን ክር አንሥታችሁ ብትሠሩበት ማንም ከልካይ የለባችሁም፤ የታሪክ አጋጣሚ የቅጂ መብት የለውም።

ለዚህ ነው ከዓድዋ ሐሳባችሁ ጋር የማልስማማው። ተጫዋቹ ይቆጣል ብዬ አይደለም፤ መቆጣቱ እንዲያውም ጥሩ ነዳጅ ነው። ችግሩ በ1888 ዓ.ም. ታሪኩን ካጠፋችሁት በኋላ የምትይዙት ነገር አለመኖሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ፣ የባቡሩ ሐዲድ፣ የመጀመሪያዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ ይህች ከተማ ዛሬ የያዘችው መልክ፣ እንደ አዲስ መፈጠር አለበት፤ ሦስት ሰው የሚችለው ሥራ አይደለም። የግድ ዓድዋ ካላችሁ መነሻ አታጡም፦ የጣሊያን ጦር መሪ ጄኔራል ባራቲዬሪ ለአዛዦቹ የሰጠው ንድፍ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ በተሳሳተ ቦታ አመልክቶ ስለነበር የአልቤርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ተነጥሎ ርቆ ሄደ፣ ለብቻውም ተመታ። ካርታው ትክክል ቢሆንስ? ወይም ጣሊያኖቹ ጭራሽ ባያጠቁና የምኒልክ ሠራዊት ስንቁ አልቆ ቢበተንስ? ሁለተኛው ከአንደኛው ይልቅ ያስፈራኛል። ግን ይህ ለስልት ጨዋታ እንጂ በአንድ ተኳሽ ዓይን ለሚታይ ጨዋታ አይመችም፤ አንድ ባለ ውጅግራ ወታደር ስለ ካርታ ስሕተትም ሆነ ስለ ስንቅ የሚወስነው የለም።

ወደ ከተማው ልመለስ፤ እዚህ የሥነ ሕንፃው ተማሪ ጆሮውን ያቁም። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሀር የሚወርደውን ቸርችል ጎዳና ዛሬ ውረዱትና በልባችሁ በ1945 ዓ.ም. ጣሊያን እንዳልወጣ አስቡት። ስሙ በእርግጥ ሌላ ነው። ከላይ በአራዳ ጊዮርጊስ በኩል የምኒልክ ሐውልት የለም፤ ጣሊያን አንሥቶት ነበርና የሚመልሰው አልተገኘም። ከታች ባቡር ጣቢያው ፊት የይሁዳ አንበሳ የለም፤ ወደ ሮም ተወስዶ እዚያው ቀርቷል። ተጫዋቹ ከላይ እስከ ታች ሲሄድ ማንም ምንም ሳይነግረው ከሁለት ባዶ ቦታዎች ዓመቱን ያነባል። የቀረውን ደግሞ ወራሪው ራሱ ሥሎላችኋል። ጉይዲና ቫሌ የተባሉት ጣሊያናውያን ባዘጋጁት የከተማ ዕቅድ አውሮፓውያኑ በአንድ ወገን፣ «ተወላጁ» በሌላ ወገን ይኖራል፤ ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ዛሬው መርካቶ የሄደው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ስመ ጥሩው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ እንኳ ለአዲስ አበባ የራሱን ንድፍ ሥሎላት ነበር። ወረቀት ላይ የቀረች ከተማ አለችላችሁ ማለት ነው፤ ሠርታችሁ አቁሟት።

ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት፣ ወዴትም የማያደርስ ደረጃ እንዳለ ታውቃላችሁ። ሙሶሊኒ ሮምን ከያዘበት ከእ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሽስት ዓመት አንድ እርከን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከነጻነት በኋላ አናቱ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። በእናንተ ዓለም አንበሳው የለም፣ ደረጃውም በየዓመቱ ማደጉን አላቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ከሠላሳ እርከን በላይ ሆኗል። ተጫዋቹን በሌሊት አናቱ ላይ አውጡትና ከዚያ ከተማውን ያይ። እያንዳንዷን እርከን በእግሩ ይቆጥራታል። ተርኒንግ ፖይንት ሃያ ሁለቱን ዓመት የት እንዳደረሰ ለጠየቀ ሰው መልሱ እንዲህ በእግር የሚቆጠር መሆን ነበረበት።

አሁን ወደ እጅ። ከመርካቶ ወደ ፒያሳ መሻገሪያ ላይ ኬላ አቁሙ። ተጫዋቹ የይለፍ ወረቀት ይዟል፣ ኮቱ ሥር ሽጉጥ አለ። ወረቀቱን ማውጣት፣ መዘርጋት፣ መመለስ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁልፍ ይኑራቸው፤ ሽጉጡን የሚመዘውም ወረቀቱን የሚያወጣውም ያው ቀኝ እጅ ይሁን። ወረቀቱ በእጁ እስካለ መተኮስ አይችልም፤ ወረቀቱን ከጣለ ነገ በዚህ በር ማለፍ አይችልም። ወታደሩ ወረቀቱን ገልብጦ ያየዋል፣ ዓይኑን ወደ ኮቱ ያደርጋል፣ ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ይገፋል። ተጫዋቹ ትንፋሹን ይዞ ምንም ሳያደርግ ቢያልፍ የተኩስ ጨዋታ ውስጥ ሳይተኩስ ላብ አስጠመቃችሁት። ሽጉጡ በጠቅላላው ጨዋታ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይተኮስ፤ ድምፁም ሰፈሩን ሁሉ ያንቃ። ይህ ለእናንተ ሌላም ትርፍ አለው፦ ስድስት ጥይት ብቻ ያለው ተጫዋች በመቶ የሚቆጠር ጠላት፣ ፍንዳታና ትልቅ የጦር ሜዳ አይጠይቃችሁም።

ባለታሪኩ ማን ይሁን ብትሉኝ የውስጥ አርበኛ እላለሁ። ከተማ ውስጥ ተቀምጠው መረጃ፣ ጥይትና መድኃኒት ለዱር አርበኛ ያቀብሉ የነበሩ ሰዎች ታሪክ እንዳለ ነው። ሸዋረገድ ገድሌን ውሰዱ፤ ተይዛ ተሠቃይታ ወደ ጣሊያን ተግዛ፣ ከተመለሰችም በኋላ ትግሏን ያልተወች ሴት ናት። እሷን ራሷን ባለታሪክ አታድርጉ፤ የእውነተኛ ሰው አፍ ላይ የራሳችሁን ንግግር መጨመር ይመጣል። አሠራሩን ግን ውሰዱ፦ አንድ ከረጢት ጥይት ከከተማ ሲወጣ በሚቀጥለው ምዕራፍ ተራራ ላይ ያለው ቡድን የሚይዘው ቦታ ይለወጥ። ከፍሪደም ፋይተርስ የሄሊኮፕተር ማረፊያ የምትማሩት ይህንን ነው።

በጠላትም በኩል ተርኒንግ ፖይንት የሚተኮስባቸውን የራስ ቁሮች ብቻ ሰጠን። እዚህ የሚያስፈራው ባለ ራስ ቁሩ አይደለም። ባንዳው ነው፣ አስተርጓሚው ነው፣ ልጁን ለማስተማር ሲል ማመልከቻ የጻፈው ጎረቤት ነው። ጣሊያን ለአምስት ዓመት ሲቆይ ይህ ሁሉ ታይቷል፤ በአሥራ ሰባተኛው ዓመት ላይ ደግሞ ከጣሊያን በቀር ሌላ መንግሥት የማያስታውስ ወጣት ሰፈሩን ሞልቶታል። በኬላው ላይ ወረቀታችሁን የሚያየው ወታደር አማርኛ ይናገር፤ እንዲያውም የአነጋገሩ ለዛ የሰፈራችሁ ይሁን። ያን ጊዜ ሽጉጡን መምዘዝ የጣት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና እሱን ተከትለው የመጡት ቀናት መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ፣ በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶግራፍ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚጫወቱበት ምዕራፍ ግን አይሁኑ። የደብረ ሊባኖስም እንዲሁ። ተጫዋች ነጥብ በሚቆጥርበት ቦታ እውነተኛ ሟቾችን ማስገባት አያስፈልጋችሁም፤ የልብ ወለዱ ዓመት ራሱ በቂ ክብደት አለው።

ስለ ሥራው፦ ከጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌሮች ጎዶ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ አንሪል ደግሞ የጨዋታው ገቢ አንድ ሚሊዮን ዶላር እስኪያልፍ ድርሻ አይጠይቅም። ሁለቱም ለእናንተ ይበቃሉ፤ ምርጫው ላይ ወር አታጥፉ። ሕንፃ፣ ልብስ፣ ሙዚቃ ሁሉ ይቆይ። ኬላውን ብቻ በግራጫ ሣጥኖች ሥሩት፤ ወታደሩም ሣጥን ይሁን፣ ወረቀቱም ነጭ አራት ማዕዘን። ከዚያ በአቅራቢያችሁ ካሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ወደ አንዱ ውሰዱት፤ እግር ኳስ ብቻ የሚጫወቱ ልጆችን አስቀምጡና ስክሪኑን ትታችሁ እጃቸውን ተመልከቱ። ወታደሩ ወረቀቱን ሲገለብጥ ጣታቸው ምላጩ ላይ ደርሶ ከቆመ ጨዋታ አላችሁ። ያለ ሐሳብ ከተኮሱ ደግሞ ኬላውን እንደገና ሥሩት፤ ታሪኩን ለማስረዳት መግቢያ ላይ ጽሑፍ አትጨምሩ። የሥነ ሕንፃው ተማሪ እስከዚያ የጉይዲና የቫሌን ንድፍ ፈልጎ የቸርችል ጎዳናን ቁልቁለት ይለካ።